ልብ አንጠልጣይ የአገራችን ፊልም ሲኒማ ቤት ስታዩ፦ ወንበር፣ ድምፅ፣ ጨለማ

የጨለማ ረድፍ

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። በግልና በትንሽ ገንዘብ የተሠራ የአገር ውስጥ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ሲኒማ ቤት በገባ ቁጥር «ዩቲዩብ ላይ ሲለቀቅ አየዋለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ለኮሜዲ ይሁን፤ ቀልዱ በስልክም ይደርሳል። ልብ አንጠልጣይ ግን የሚቆመው በጨለማና በድምፅ ነው። ከበሩ ኋላ የሚሰማውን ኮቴና ከመስኮቱ ውጭ የሚያልፈውን ጥላ ስልክ ይውጠዋል፤ ከዚያ «ፊልሙ ምንም የለውም» ተብሎ ይታማል። ትኬት ቆርጠው የሚገቡ ሰዎች ፊልሙን በሚገባው መንገድ እንዲያዩት የሚረዳውን ሁሉ እዚህ እናሰባስብ። እኔ በወንበር ልጀምር።

የሸራውን ወርድ በዓይናችሁ ገምቱ። 10 ሜትር ከሆነ ጥሩው ቦታ ከሸራው ከ12 እስከ 15 ሜትር ባለው ውስጥ ነው። በ12 ሜትር ላይ ሸራው የእይታችሁን 45 ዲግሪ ያህል ይሞላል፤ በ15 ሜትር ወደ 37 ይወርዳል፤ 18 ሜትር ተኩል ሲደርስ 30 ብቻ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ትልቅ ቴሌቪዥን እንደማየት ነው። አንድ ረድፍ ወደ 1 ሜትር ስለሚወስድ ረድፍ ቆጥሮ ማወቅ ቀላል ነው። በአብዛኛው አዳራሽ ይህ ከፊት ወደ ኋላ ሁለት ሦስተኛው ላይ ይውላል፤ ድምፁም ሲስተካከል መለኪያው የሚቀመጠው እዚያው አካባቢ ነው። ወደ ጎን ደግሞ ከመሃል ከ3 ወንበር በላይ አትራቁ፤ ለምን እንደሆነ የድምፅ ባለሙያዎቹ ቢያብራሩት ይሻላል።

ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ብዙ ይሠራል፤ ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ግን ወደ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። መሃል ላይ ስልክ ከፍታችሁ መልእክት ካያችሁ ያ ልማድ ይፈርሳል፤ ቀጣዩ የሌሊት ትዕይንት ለእናንተም ለጎረቤታችሁም ጥቁር ሰሌዳ ይሆናል። ስለዚህ ፊልሙ ከመጀመሩ 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡና ስልኩን ዝጉት፤ ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

የቀን ትዕይንት ከምሽቱ ይለያል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በሩ በተከፈተ ቁጥር የፀሐይ ብርሃን ሸራው ላይ ይፈስሳል፤ መጋረጃው ድርብ ካልሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው። ለልብ አንጠልጣይ የምሽቱን ምረጡ። አዳራሹ ሞልቶ ቢሆን ደግሞ እሰየው፤ የሰው ገላና ልብስ ማስተጋባቱን ስለሚመጥጠው ንግግሩ ይጠራል።

የሰፈሯ ልጅ

እናመሰግናለን። እስኪ አንድ ነገር ንገሩኝ፤ የእኛ ፊልሞች ላይ ንግግሩ ለምንድን ነው የማይሰማው? የውጭ ፊልም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል። የእኛው ላይ ተዋናዩ በሹክሹክታ ዋናውን ምስጢር ሲናገር ሰው ሁሉ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ ይጠያየቃል።

ድምፅ ቀማሪ

የሰፈሯ ልጅ፣ ጥያቄሽ የነገሩ እምብርት ነው። ንግግር አራት ቦታ ላይ ይበላሻል፤ ከመነሻው ልያዘው።

ቀረፃ ላይ። ቤቱ የኪራይ ነው፤ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ማይኩ ከተዋናዩ አፍ 1 ሜትር ተኩል ከራቀ ከንግግሩ ይልቅ ክፍሉ ይቀረፃል። ቡም (ማይክ የተሰቀለበትን ረጅም ዘንግ) የያዘው ሰው ካሜራው ዕይታ ውስጥ ሳይገባ እስከ 50 ወይም 80 ሴንቲ ሜትር መቅረብ አለበት። ካሜራው በማያየው ግድግዳና ወለል ላይ አራት ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ መዘርጋት ለውጡ ወዲያው ይሰማል፤ ወጪውም ምንም ነው። ጄነሬተር ካለ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ከግንብ ኋላ ይቁም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የንግግር ትዕይንት ማቀድ ግን ራስን መቅጣት ነው። በየክፍሉ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የ1 ደቂቃ ባዶ ድምፅ መቅዳትም አይረሳ፤ ኤዲት ላይ ንግግሩ ሲቆራረጥ ክፍተቱን የሚሞላው እሱ ነው።

ማፅዳት ላይ። የጄነሬተሩን ወይም የመንገዱን ጫጫታ በሶፍትዌር ለማጥፋት ሲሞከር አማርኛ በተለይ ይጎዳል። «መጣ» እና «መታ» የሚለዩት በአንዲት ፈንጂ ተነባቢ ነው፤ ያቺ የ«ጠ» ፍንዳታ በጣም አጭር ስለሆነች ማፅጃው እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይበላታል። ማላላትና ማጥበቅም አለ። «ገዳይ አለ» ጠብቆ ሲነገር ገዳይ እዚህ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ላልቶ ሲነገር ሰውየው «ገዳይ» ብሎ ተናገረ ማለት ነው። ማስተጋባቱ በድምፆች መካከል ያለውን አጭር ጊዜ ሲሞላው ላላውና ጠባቂው ይቀላቀላሉ። አንድ ፍንጭ በዚህ መልክ ከጠፋ የፊልሙ ግማሽ ሄደ። ስለዚህ ማፅጃውን በትንሹ ተጠቀሙ፤ ከ6 እስከ 8 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ቀንሱና ተዉት። ጥቂት ጫጫታ ቢቀር ጆሮ ይለምደዋል፤ የተበላ ፊደል ግን አይመለስም። ማፅጃው ሊያፀዳው የማይችለው ዓረፍተ ነገር ካለ ተዋናዩን ጠርቶ እንደገና ማስቀዳት ይሻላል፤ በዚያው ማይክ፣ በዚያው ርቀት፣ ከሥሩም የክፍሉን ባዶ ድምፅ አንጥፎ።

ሚክስ ላይ፤ ንግግሩ፣ ሙዚቃውና ሌላው ድምፅ የሚዋሃድበት ሥራ ማለት ነው። ብዙ ፊልም የሚሚከሰው ትንሽ ክፍል ውስጥ በሁለት ስፒከር ወይም በጆሮ ማዳመጫ ነው። ሲኒማ ቤት ከሸራው ኋላ መሃል ላይ በዋናነት ለንግግር የሚያገለግል ስፒከር አለ፤ ፊልሙ ባለሁለት ቻናል ሆኖ ከመጣ ያ ስፒከር ሥራ ይፈታል። ንግግሩ ከግራና ከቀኝ እኩል ሲወጣ ከመሃል የመጣ የሚመስለው መሃል ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ጥግ ላይ ለተቀመጠው ሁለቱ ድምፆች በተለያየ ጊዜ ስለሚደርሱ ይደበዝዝበታል። «ከመሃል አትራቁ» የተባለው ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሙሉ 5.1 (ተመልካቹን የሚከብ ባለስድስት ቻናል ድምፅ) መሥራት ባይቻል እንኳ ንግግሩን በሙሉ መሃለኛው ቻናል ላይ፣ ሙዚቃውን ግራና ቀኝ አድርጎ በሦስት ቻናል ማውጣት።

ሙዚቃም አለ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያንጎራጉር ሙዚቃ ጭንቀት አይፈጥርም፤ ጆሮን ያደነዝዛል። ሰውየው በሩን ሊከፍት ሲል ሙዚቃው ቢቆምና የመቀርቀሪያው ድምፅ ብቻውን ቢሰማ አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል።

አራተኛው አዳራሹ ነው፤ እሱን ለፕሮጀክተር ክፍሉ ልተወው።

የፕሮጀክተር ክፍል

ድምፅ ቀማሪ የጀመረውን ልቀጥል። የአዳራሹን ድምፅ በሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ የሲኒማ ድምፅ ፕሮሰሰር ላይ፣ መለኪያው ቁጥር 7 ነው። በ7 ላይ ከሸራው ኋላ ያለው እያንዳንዱ ስፒከር በመፈተሻ ድምፅ 85 ዲሲቤል እንዲሰጥ ይስተካከላል። አዳራሾች በተመልካች አቤቱታ ወደ 5 ሲያወርዱት ወደ 7 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ሹክሹክታ ያን ጊዜ ይጠፋል። ለዩቲዩብ ተብሎ ተጨፍልቆ የተሚከሰ ፊልም ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሁሉም ነገር እኩል ስለሚጮህ በ4 ላይ ይጫወታል፤ ከዚያ ቀጥሎ በትክክል የተሚከሰው ፊልም ሲገባ ቁጥሩን የሚመልስ ሰው ካልተገኘ ያልቅለታል።

ተመልካች ምን ማድረግ ይችላል? የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ውስጥ ንግግሩ ካልተሰማ ከበሩ አጠገብ ላለው አስተናጋጅ ሄዶ በአጭሩ መንገር፤ «ድምፅ ጨምሩ» ከማለት ይልቅ «ሙዚቃው ይሰማል፣ ንግግሩ ግን አይሰማም» ወይም «ሁሉም ነገር ዝቅ ብሏል» ማለት። ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው። ሁሉም ዝቅ ካለ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይበቃል። ንግግሩ ብቻ ከጠፋ ግን መሃለኛው ስፒከር ላይ ችግር አለ ወይም ፊልሙ ራሱ በሁለት ቻናል መጥቷል፤ ያኔ ቁጥሩን ቢጨምሩት የተኩስ ድምፅ ሲመጣ ሰው ከወንበሩ ይነሳል።

አሁን ወደ ሥዕሉ። ፊልም ለሲኒማ የሚቀርብበት ትክክለኛ መልክ ዲሲፒ ይባላል። ሥዕሉ በ2ኬ ከሆነ ሰፊው መልክ 2048 በ858፣ ጠበብ ያለው 1998 በ1080 ነጥብ ነው፤ ድምፁ ሳይጨፈለቅ በ24 ቢት ይገባል። በሰከንድ እስከ 250 ሜጋቢት ስለሚፈስ የ90 ደቂቃ ፊልም እስከ 169 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል። በዚህ ፈንታ ከላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ የሚጫወት ፊልም አለ፤ ከወንበራችሁ ሆናችሁ ትለዩታላችሁ። ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል፣ ፊቶች ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ይለጠጣሉ፣ የመኪናና የእግር እንቅስቃሴ ይዘላል፣ የማውስ ቀስትም ብቅ ሊል ይችላል።

ዲሲፒ ውድ ነው የሚባለው ድሮ ቀረ። ዲሲፒ ኦማቲክ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር በተራ ኮምፒውተር ላይ ይሠራዋል። አምራቾች እነዚህን አትርሱ። ፊልሙ በሰከንድ በ25 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) ተቀርፆ ከሆነና ወደ 24 ከወረደ 100 ደቂቃ የነበረው 104 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ይሆናል፤ ድምፁ ካልታረመም ተዋናዩ በግማሽ ቃና ሰባት አሥረኛ ገደማ ወፍሮ ይናገራል። ሃርድ ዲስኩ ሊኑክስ በሚያነበው ኢኤክስቲ 2 ወይም 3 መልክ ይዘጋጅ፤ ፊልሙን ከሚያጫውቱት የሲኒማ ሰርቨሮች ሌላውን የማያነቡ አሉ። ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ። ከምርቃቱ ቢያንስ 3 ቀን ቀድማችሁ እዚያው አዳራሽ ውስጥ መጀመሪያውን 5 ደቂቃ፣ በጣም ጨለማውን ትዕይንት፣ በጣም ዝግ ያለውን ንግግርና የመጨረሻውን 5 ደቂቃ ፈትሹ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

የሰፈሯ ልጅ

ፊልሙ በቁልፍ ይዘጋል ሲባልስ? ቁልፉ ስላልከፈተ ትዕይንት ቀረ የሚባለው ምንድን ነው?

የፕሮጀክተር ክፍል

ኬዲኤም የሚባል ትንሽ የቁልፍ ፋይል ነው። ለአንድ ሰርቨርና ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ተቆርጦ ይሰጣል፤ ከሰዓቱ በፊትም በኋላም አይከፍትም። አገራችን ላይ የሚበላሸው በዘመን አቆጣጠርና በሰዓት ነው። «መስከረም 20 ከምሽቱ 1 ሰዓት» ብላችሁ ስታዙ፣ ቁልፉን የሚቆርጠው ሰው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30 (ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ኦክቶበር 1)፣ 19 ሰዓት ብሎ መፃፍ አለበት። ሴፕቴምበር 20 ብሎ ከፃፈ ቁልፉ ቢያንስ በ10 ቀን ሳተ። «1 ሰዓት» ን እንዳለ ከወሰደው በስድስት ሰዓት ሳተ። የዓለም መደበኛ ሰዓትን ከእኛ ጋር ከቀላቀለ ደግሞ በሦስት ሰዓት። ስለዚህ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ፃፉ፤ ቁልፉም ከምርቃቱ አንድ ቀን ቀድሞ እንዲከፈት እዘዙ፤ ያለዚያ መሞከሪያ ጊዜ የላችሁም። በአንድ አዳራሽ ብቻ ለሚታይ ትንሽ ፊልም፣ ዲስኩን ራሳችሁ የምትይዙ ከሆነ፣ ያለ ቁልፍ መስጠት በእኔ እምነት የተሻለ ነው። ቁልፉ ከሌባ የሚጠብቀውን ያህል በስህተት ባለቤቱንም ይዘጋበታል።

ካሜራ 172

ስለ ጨለማው ትዕይንት ልጨምር፤ ምክንያቱም ልብ አንጠልጣይ ፊልም ውስጥ ትልቁ ብክነት እዚያ ነው።

የሲኒማ ሸራ ላይ ነጩ ነጭ 48 ኒት (የብርሃን ድምቀት መለኪያ) ብቻ ነው። ላፕቶፕ ግን በተለምዶ ከ250 ኒት በላይ ያበራል። ኤዲተሩ በላፕቶፑ ላይ ጥርት ብሎ የሚያየው የጨለማ ክፍል ሸራው ላይ ሲወጣ ጭቃ ይሆናል። ከለር የሚሠራው፣ የፊልሙን ቀለምና ብርሃን የሚያስተካክለው ሰው የክፍሉን መብራት አጥፍቶ፣ የኮምፒውተሩን ማያ ብርሃን አውርዶ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ዓይኑ ሲለምድ ቢሠራ ለእውነቱ ይቀርባል። ከዚያም በሲኒማው ላይ ማየት ግድ ነው።

ቀረፃ ላይ ደግሞ «ሌሊት» ማለት ብርሃን ማጣት አይደለም። ሌሊት የሚመስለው ከኋላ ወይም ከጎን የመጣ ብርሃን የትከሻንና የጉንጭን ጠርዝ ሲቀርፅና ፊት ለፊቱ ሲጨልም ነው። ጠይም ፊት ብርሃን ከጎን ሲያገኝ ይንፀባረቃል፤ ከፊት ለፊት በትንሽ መብራት ከተመታ ግን ከግድግዳው ጋር ይቀላቀላል። ፋኖስ፣ የመኪና መብራት፣ የሱቅ አምፖል ትዕይንቱ ውስጥ ካለ እሱን ምክንያት አድርጋችሁ ካሜራው በማያየው በኩል ደግፉት። ገንዘብ ከሌለ ነጭ ነጠላ በሁለት እንጨት ተወጥሮ ጥሩ መላሽ ነው፤ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል።

ቀኑን ሌሊት አስመስሎ መቅረፅ ፀሐይ ካለች ይከብዳል፤ ጥላው ሊያጋልጥ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆየው 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ለወገብ ቅርብ ስለሆንን ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለወጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚወጣው ሁለት ወይም ሦስት ሾት ነው። መብራቱም ተዋናዩም ካሜራውም ከግማሽ ሰዓት በፊት ተዘጋጅተው መጠበቅ አለባቸው፤ ልምምዱ በቀን ይለቅ።

ሌላው የሚርገበገብ መብራት ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። በ24 ፍሬም ስትቀርፁ ሻተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ የሚወስነውን) 180 ዲግሪ ላይ ከተዋችሁት ሥዕሉ ላይ ማዕበል ይታያል። ወደ 172.8 ዲግሪ አድርጉት፤ ያ በትክክል 1/50 ሰከንድ ነው። የፖሊስ ጣቢያ ኮሪደር፣ የሆስፒታል ክፍል፣ የመኪና ማቆሚያ ምድር ቤት፣ ልብ አንጠልጣይ የሚወዳቸው ቦታዎች በሙሉ በዚህ መብራት የተሞሉ ናቸው።

መቀስ

ስለ መሣሪያ ብዙ ተባለ፤ እኔ ስለ ታሪኩ ልናገር። ተመልካችም ይህን ቢያውቅ ደስታው ይጨምራል።

ልብ አንጠልጣይ ፊልም እንቆቅልሽ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፣ መላሹ «ምን አውቅልህ»፤ ካቃተው አገር ይሰጣል። አገር የተቀበለ ጠያቂ ግን መልሱን የመናገር ግዴታ አለበት፣ መልሱም ከጥያቄው ውስጥ የሚወጣ መሆን አለበት። የእኛ ፊልሞች ላይ የሚጠፋው ይህ ሁለተኛው ነው። መጨረሻው ላይ ፊልሙ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ብቻ የታየ ሰው ገዳይ ሆኖ ይመጣል፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ያብራራል። ተመልካቹ አገሩን በከንቱ ሰጠ።

ጥሩ ፍንጭ ሁለት ጊዜ ይታያል። አንዴ በመጀመሪያዎቹ 25 ደቂቃዎች ውስጥ እንደ ተራ ነገር፤ ቡና ሲቀዳ፣ ቁልፍ ሲሰቀል፣ ሰው ሲሰናበት። ሁለተኛ ጊዜ መሃል ላይ፣ ትንሽ ተለውጦ። ሦስተኛው መፍቻው ነው። ስለዚህ ስታዩ ዓይናችሁ ተናጋሪው ፊት ላይ ብቻ አይትከል። እጅ ምን እንደሚይዝ፣ ማን ሳይሰናበት እንደወጣ፣ ካሜራው ያለ ምክንያት አንድ ሰከንድ የቆየበትን ዕቃ ተመልከቱ።

ለሠሪዎች አንድ ርካሽ ፈተና አለ። ታሪኩን የማያውቁ 10 ሰዎች ሰብስባችሁ ያልተጠናቀቀውን ፊልም አሳዩ፤ 60ኛው ደቂቃ ላይ አቁሙና «ማን ነው ብለህ ትጠረጥራለህ? ለምን?» ብላችሁ ሳይነጋገሩ አስፅፏቸው። ዘጠኙ ትክክለኛውን ስም ከፃፉ ምስጢሩ ፈሷል። አንድም ሰው ካልፃፈው ፍንጫችሁ አልተተከለም። ሁለት ወይም ሦስት ሰው አግኝቶት ምክንያቱንም በትክክል ከፃፈ ተውት።

የአገር ውስጥ ፊልም ጉልበት ደግሞ ከውጭ የማይገኝ ጭንቀት መኖሩ ነው። ሕጉን ብቻ ብትወስዱ፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 ነው፣ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ይህ ራሱ የሚቆጥር ሰዓት ነው። ቀጥሎ የጊዜ ቀጠሮ አለ፤ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። መርማሪው በ14ኛው ቀን ባዶ እጁን ችሎት ሊቆም ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን ውጥረት ይፈለጋል? ወደ ኋላ ከሄዳችሁ አውጫጭኝ አለ፤ አፈርሳታም ይባላል። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ሰው እስኪጠቆም አይለቀቅም፤ በስውር የሚጠቁመው «ወፍ» ይባላል። የተዘጋ ክብ፣ ሁሉም ተጠርጣሪ፣ አንድ ስውር መስካሪ። ይህ ሁሉ ቤታችን እያለ ከውጭ ፊልም የተገለበጠ የፎቅ ላይ ተኩስ ለምን እንደሚመረጥ ያሳዝናል።

አስተያየት ሰጪ ከመርካቶ

መቀስ በፃፈው እስማማለሁ። ከየጨለማ ረድፍ ጋር ግን አንድ ልዩነት አለኝ። የእኛ ተመልካች ይናገራል፤ «አትግባ! ከኋላህ ነው!» ይላል፣ ያጨበጭባል። ያ የፊልሙ ጣዕም አካል ነው። ቤተ መጻሕፍት አናድርገው።

የጨለማ ረድፍ

ወንድሜ፣ እውነት ነው። ለማስደንገጫው የሚጮህ አዳራሽ ፊልሙን ያግዛል። የሚጎዳው ከጩኸቱ በኋላ የሚቀጥለው ወሬና ስልክ ነው። ጩኸቱን ኤዲተሮችም ቢያስቡበት ጥሩ ነው፤ ትልቅ ድንጋጤ ካለ በኋላ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰከንድ ምንም ወሳኝ ቃል አይቀመጥ። ፍንጩ እዚያ ላይ ከሆነ የሞላ አዳራሽ ውስጥ ማንም አይሰማውም፤ በትንሽ ክፍል ውስጥ ለብቻው የሚሠራ ሰው ይህን ይረሳል።

የሜሪላንድ ነዋሪ

ከአሜሪካ ነው የምፅፈው። እዚህ ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለን ሰዎች የአገር ቤቱን ፊልም የምናየው ብዙ ጊዜ አዳራሽ በተከራየ ሰው ነው፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ምሽት። አዘጋጆች አንድ ነገር ይስሙኝ፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም ጽሑፍ ልብ አንጠልጣይን ይገድላል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ተዋናዩ «ያንን ሌሊት ከአባትህ ጋር የነበረችው ሴት…» ብሎ ትንፋሽ ሲስብ ከታች ያለው ጽሑፍ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ስሟን ነግሮናል። እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆች ከወላጆቻቸው ቀድመው ይደነግጣሉ። ጽሑፉ ተዋናዩ ትንፋሽ በሚስብበት ቦታ ለሁለት ይከፈል፤ ስሙ ከአፉ ሲወጣ ያን ጊዜ ይውጣ።

ቀሪው ልማድ ነው። ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ በመስመር ከ40 ፊደል አይለፍ፣ በሰከንድም ከ15 እስከ 17 ፊደል ድረስ።

የፕሮጀክተር ክፍል

በዚሁ ላይ፤ ፊልሙ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ሆኖ ጽሑፉ አማርኛ ከሆነ የግዕዝ ፊደሉ ፎንት ዲሲፒው ውስጥ መካተት አለበት። ካልተካተተ ሸራው ላይ ባዶ ሳጥኖች ይወጣሉ። ጥርጣሬ ካለ ጽሑፉን ሥዕሉ ላይ አትሙት፤ ኋላ ለማረም ይከብዳል እንጂ የትም አዳራሽ አይከዳም።

የሰፈሯ ልጅ

መብራት መሃል ላይ ቢጠፋስ? ልክ ሊገለጥ ሲል።

የፕሮጀክተር ክፍል

ጄነሬተሩ በሰከንዶች ውስጥ ቢነሳም ፕሮጀክተሩ አብሮ አይነሳም። የዜኖን አምፖል ያለው ከሆነ ሲጠፋ ማቀዝቀዣው መዞር አለበት፤ ትኩስ እያለ ወዲያው ለማብራት መሞከር አምፖሉን ይጎዳል። ስለዚህ ደቂቃዎች መጠበቅ ግድ ነው፤ ኦፕሬተሩ ሰንፎ አይደለም። ሌዘር ከሆነ ፈጥኖ ይነሳል። ሰርቨሩና ድምፅ ፕሮሰሰሩ ላይ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ካለ ፊልሙ የቆመበትን ደቂቃ ያውቃል። ሲቀጥል ከቆመበት ሰከንድ ሳይሆን ትዕይንቱ ከጀመረበት፣ ቢያንስ ከ1 ደቂቃ በፊት፣ እንዲመልሱት ጠይቁ። ውጥረቱ እንደገና መገንባት አለበት። የትኬቱን ቁራጭ አትጣሉ፤ ጭራሽ ካልተቻለ ለሌላ ቀን የሚያስገባችሁ እሱ ነው።

መቀስ

አንድ ልመና ልጨምር። መጨረሻውን በስልክ ቀርፃችሁ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። በግል የተሠራ ፊልም ያወጣውን ገንዘብ የሚመልሰው መጀመሪያ ከሲኒማ ቤት ነው፤ መልሱ ከተበተነ ደግሞ እንቆቅልሹ አለቀ። ለጓደኛችሁ ልትመክሩ ስትፈልጉ የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ብቻ ተናገሩ። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደጠፋበት፣ እስከ መቼ ማግኘት እንዳለበት። ያ ካላጓጓው ሌላው አያጓጓውም።

አስተያየት ሰጪ ከመርካቶ

የመጨረሻ ጥያቄ ለየጨለማ ረድፍ። ፎቅ ያለው የድሮ አዳራሽ ውስጥ የት ይሻላል፣ ላይ ወይስ ታች?

የጨለማ ረድፍ

ከፎቁ ሥር ከሆነ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለበት የኋላ ረድፍ ላይ፣ ድምፁ ይታፈናል፤ ከላይ የሚመጣው ሁሉ ተቆርጦ ይቀራል። ታች ከተቀመጣችሁ የፎቁ ጠርዝ ካለበት መስመር ቢያንስ 2 ረድፍ ወደ ሸራው ቅረቡ፤ ቀና ስትሉ ዋናው ጣሪያ መታየት አለበት። ፎቅ ላይ ከሆነ የመጀመሪያው ረድፍ መሃሉ ጥሩ ነው፤ የመከላከያው ብረት የሸራውን የታች ጠርዝ እንዳይቆርጥባችሁ ግን ትኬቱ ላይ ቁጥር ከሌለ ቁጭ ብላችሁ ሞክሩና ከሸፈነባችሁ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ውጡ። የትርጉም ጽሑፍ ያለው ፊልም ከሆነ በተለይ።